በሃያ ሳንቲም የተሸጠ ኑዛዜ

የአንድ ሕዝብ ልብ በየዘመኑ ምን ይፈራ እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው የሕግ መወሰኛውን ቃለ ጉባኤ፣ የታላላቆቹን ደራስያን መጻሕፍትና የሰባክያኑን ተግሣጽ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ላመለክት የምፈልገው ግን ሊቃውንት በንቀት የሚያልፉትን፣ በርካሽ ወረቀት እየታተመ በመንገድ ዳር ጋዜጣ መሸጫ የሚደረደረውን፣ ከተነበበም በኋላ ማንም ሳያዝንለት የሚጣለውን አንድ ዐይነት መጽሔት ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ለሠራተኛው ክፍል ሴቶች ይዘጋጅ የነበረው የኑዛዜ መጽሔት ነው። (የማነሣቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ መጽሔቶች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ያለመሰልቸት የተረኩት አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ አንዲት ሴት ትበድላለች፣ ስለ በደልዋ መከራ ትቀበላለች፣ በመጨረሻም ተጸጽታ ትመለሳለች። መከራውና ጸጸቱ ከዓመት ወደ ዓመት አልተለወጡም፤ የተለወጠው በደሉ ነው። በሃያዎቹ ዓመታት ዳንስ ቤት መሄድ የነበረው ኃጢአት በሠላሳዎቹ የባልን ሥራ መሻማት ሆነ፤ በጦርነቱ ጊዜ ቤት መቀመጥ በደል ሆኖ ተቆጠረ፤ ጦርነቱ ባለቀ ማግሥት ደግሞ ከቤት መውጣት በደል ሆነ። እንግዲህ ይህን የኃጢአት መዝገብ በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የኅብረተሰቡን ሥጋት ታሪክ ያገኛል ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሥጋት የማን ሥጋት እንደ ነበረ ሳይጠይቅ ቢያልፍ ይሳሳታል፤ በእኔ አስተያየት የሚበልጠው እጅ የሴቶቹ አልነበረም።

የዚህ ነገር ጀማሪ በርናር ማክፋደን የሚባል እንግዳ ጠባይ ያለው ሰው ነው። በ1868 ዓ.ም. በሚዙሪ ገጠር ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ እናት አባቱን አጥቶ፣ በሽተኛና ደካማ ሆኖ ካደገ በኋላ ኃይሉን ያገኘው በአካል እንቅስቃሴና በጾም መሆኑን በየአደባባዩ የሚሰብክ፣ ሐኪሞችንና መድኃኒቶቻቸውን አጥብቆ የሚነቅፍ ሰው ነበረ። በ1899 «ፊዚካል ካልቸር» የተባለውን የጤና መጽሔት መሠረተ፤ ስለ ጨጓራቸውና ስለ ወገባቸው ምክር ለመጠየቅ ወደዚህ መጽሔት የሚጽፉ ሴቶችም ደብዳቤያቸውን በሕመማቸው ጀምረው በትዳራቸው ምሬት ይጨርሱት ነበር። ሚስቱ ሜሪ በ1953 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ፣ እነዚህን ደብዳቤዎች አይታ ራሱን የቻለ መጽሔት ይውጣላቸው ብላ ያሳሰበችው እርስዋ መሆንዋን ታስረዳለች። ሐሳቡ ከማንም ይምጣ ከማን፣ በ1919 «ትሩ ስቶሪ»፣ ማለት «እውነተኛ ታሪክ»፣ የተባለው መጽሔት ታትሞ ወጣ። ዝነኛው «ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት» በ5 ሳንቲም በሚሸጥበት ጊዜ የእርሱ ዋጋ 20 ሳንቲም ነበረ፤ እንዲህም ሆኖ እስከ 1926 ድረስ በየወሩ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ይሸጥ ጀመር። ተቀናቃኞቹም አልዘገዩም፤ የፋውሴት ማተሚያ ኩባንያ በ1922 «ትሩ ኮንፌሽንስ»ን አወጣ፤ ማክፋደን ራሱም ይህንኑ የሚመስሉ ሌሎች መጽሔቶችን ደራርቦ አቋቋመ።

ለእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይታየዋል። ኃጢአቱን የሚናዘዝ ምእመን ለንስሐ አባቱ በምስጢር ነግሮ፣ ቀኖናውን ተቀብሎ፣ ምስጢሩም ከካህኑ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል እንጂ በአደባባይ ሊሸጥ ይችላል ብሎ የሚያስብ የለም። በአሜሪካ ከተሞች ግን ከገጠር ወይም ከባሕር ማዶ መጥታ፣ ከእናትዋና ከሰፈርዋ ርቃ፣ በፋብሪካ ወይም በሱቅ ተቀጥራ በኪራይ ክፍል ብቻዋን የምታድር ልጅ፣ የልብዋን የምትነግረው ሰው በአቅራቢያዋ አልነበራትም። መጽሔቱ ይህን ባዶ ስፍራ አይቶ ገባበት። ኑዛዜው ስም የለውም፤ በ«እኔ» የሚተረክ ነው፤ ደራሲው አይጠቀስም፤ ከጽሑፉ ጎን የሚታተሙት ፎቶግራፎችም ታሪኩን እያስመሰሉ የተነሡ ተዋንያን ናቸው። አንባቢዋ ግን ከእርስዋ የማትሻል የአንዲት ታይፒስት ቃል የምትሰማ መስሎ ይታያት ነበር።

ለምን ሁሉም ታሪክ በንስሐ ይፈጸም ነበር? የዋህ አንባቢ መልሱን በአዘጋጆቹ መንፈሳዊነት ይፈልገዋል፤ እኔ ግን በፍርድ ቤት መዝገብ ብፈልገው እመርጣለሁ። በአንቶኒ ኮምስቶክ ጥረት በ1873 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጸያፍ ነው የተባለውን ጽሑፍ በፖስታ መላክ ወንጀል አድርጎት ነበር። ማክፋደን ይህን ሕግ በጀርባው ላይ ቀምሶታል፤ በ1905 ኒው ዮርክ ላይ ባዘጋጀው የአካል ብቃት ትርኢት ምክንያት ኮምስቶክ አስይዞታል፤ በ1907 ደግሞ ስለ አባለ ዘር በሽታ የሚያስጠነቅቅ ተከታታይ ታሪክ በመጽሔቱ ስላተመ ተፈርዶበት፣ 2000 ዶላር መቀጫ ከከፈለ በኋላ ከእስራቱ የተረፈው በፕሬዚዳንት ታፍት ምሕረት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሥጋዊ በደል የሚተርክ መጽሔት ሲያወጣ፣ እያንዳንዱን በደል በቅጣትና በጸጸት መዝጋቱ፣ ጽሑፎቹንም የሚመለከት የሰባክያን አማካሪ ጉባኤ ማቋቋሙ ምን ያስደንቃል? ጸጸቱ ለአንባቢዋ ትምህርት ሆኖ ሳለ ለአሳታሚው ጋሻ ነበር። ኃጢአቱ በሽፋኑ ላይ በትላልቅ ፊደል ይሸጣል፤ ተግሣጹ በውስጥ ገጽ ከሳሽን ይመልሳል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር፤ ነገሩ እዚህ ላይ ነውና። ማክፋደን የተማረ አዘጋጅ መጽሔቱን ያበላሽብኛል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው፤ ስለዚህ የሚመጡለትን ጽሑፎች መጀመሪያ የሚያነቡት ተራ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ እነርሱም ስለ ሰዋስው ሳይሆን ታሪኩ ልባቸውን ምን ያህል እንደ ሳበው ብቻ ነጥብ ይሰጡ ነበር። አንዲት አንባቢ ለሥነ ጽሑፍ ውበት መጨነቅ ከጀመረች ለሥራው አትሆንም ይባል ነበር። ከዚህም ሌላ የመጽሔቱ ገቢ ዓመቱን ሙሉ በደንበኝነት በተከፈለ ገንዘብ ላይ የቆመ አልነበረም፤ በየወሩ በጋዜጣ መሸጫው ፊት ቆማ ሽፋኑን አይታ ሳንቲምዋን የምትቆጥር ገዢ ይጠብቅ ነበር። የዚያ ወር ታሪክ የዚያን ወር ፍርሃት ካልነካ ቅጂው ሳይሸጥ ይመለሳል። የብዙ ሊቃውንት መጽሔቶች ዘመናቸውን ለማዳመጥ እንዲህ ያለ የሚያስገድድ ምክንያት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ነው እነዚህን ርካሽ ወረቀቶች እንደ ታሪክ ምስክር መቁጠር የሚገባን።

ምስክር ስል ግን ያተሙት ሁሉ እውነት ነበር ማለቴ አይደለም። በ1927 በፔንሲልቫንያ ግዛት በስክራንተን ከተማ ተፈጸመ የተባለ አንድ ታሪክ በ«ትሩ ስቶሪ» ሲወጣ፣ የገጸ ባሕርያቱ ስም የከተማይቱ የተከበሩ ነዋሪዎች ስም ሆኖ በመገኘቱ፣ ሰዎቹ ስማችን ጠፋ ብለው አሳታሚውን ከሰውት ነበር። እውነተኛ ነው ተብሎ የተሸጠው ታሪክ እውነተኛ ሰዎችን ማግኘቱ አሳታሚውን ያስደነገጠው እዚህ ላይ ብቻ ይመስለኛል። ጸሐፊዎቹ የታሪኩን እውነተኝነት በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ይጠየቁ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጊዜው በገፋ ቁጥር በቃል ብዛት እየተከፈላቸው የሚጽፉ፣ ከእነርሱም ውስጥ ብዙ ወንዶች ያሉባቸው የብዕር ሠራተኞች ቦታውን ያዙ። «እኔ ምስኪን ሴት» የሚለው ቃል ጢሙን ከተላጨ ጎልማሳ የጽሕፈት መኪና የወጣበት ወር ጥቂት አልነበረም።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። በሃያዎቹ ዓመታት የተመዘገበው በደል የነጻነት በደል ነበር። የአሜሪካ ሴቶች በ1920 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የምርጫ መብት አግኝተዋል፤ ጠጉራቸውን ቈርጠዋል፤ የራሳቸውን ደመወዝ ይቀበላሉ፤ አውቶሞቢሉም ፍቅረኞችን ከአባት ሳሎን አውጥቶ ማንም ወደማያይበት መንገድ ወስዷቸዋል። የዚያ ዘመን ኑዛዜ የሚጀምረው በዳንስ ቤት፣ በሲኒማ ወይም በተቆመ አውቶሞቢል ውስጥ ነው፤ የሚፈጸመውም በተተወች ልጅ እንባ ነው። ጋዜጠኛው ኦስዋልድ ጋሪሰን ቪላርድ በ1926 በ«አትላንቲክ መንዝሊ» ይህን የመጽሔት ወገን አጥብቆ ነቀፈው፤ ሮበርትና ሄለን ሊንድ ደግሞ የኢንዲያናዋን የማንሲ ከተማ ኑሮ አጥንተው በ1929 «ሚድልታውን» በሚል ስም ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መጽሔቶቹ በከተማይቱ ቤቶች የነበራቸውን ሥርጭት እንደ ቁም ነገር መዘገቡ። ከሁለቱ ወገን ጥበበኞቹ ሊንዶች ናቸው ብዬ እፈርዳለሁ። ቪላርድ ያየው ብልግናውን ነው፤ እነርሱ ያዩት ግን ወላጅም ሰባኪም መምህርም ስለ ወንድና ሴት ነገር አፋቸውን ዘግተው በተቀመጡበት ከተማ፣ ልጆች ዕውቀት የሚፈልጉበት ሌላ በር አለመኖሩን ነው።

ከዚያ በኋላ የ1929 የገንዘብ ውድቀት መጣ። ዳንሱ ዝም አለ፤ በመጽሔቱም ገጽ ላይ ሥራ የፈታ ባል፣ የቤት ኪራይ፣ ከዓመት ወደ ዓመት የሚተላለፍ ሠርግ ታየ። የዚያ ጊዜ በደለኛ ሴት የምታጠፋው በመውደድዋ አይደለም፤ ደመወዝ በማግኘትዋ ነው። ባሏ ሥራ አጥቶ ቤት ሲውል እርስዋ ትሠራለች፤ እየሠራችም ትኮራለች፤ ኩራትዋም የባሏን ክብር ይሰብራል፤ ታሪኩ የሚፈታው ለባሏ ሥራ ሲገኝና እርስዋ ወደ ምድጃዋ ስትመለስ ነው። ይህን የጻፈው የደራሲ ቅዠት ብቻ ነው እንዳንል፣ የ1932 የፌዴራል የቁጠባ ሕግ በ213ኛው ክፍሉ ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆኑ ቅነሳው ከእነርሱ እንዲጀምር አዝዞ ነበር፤ በሥራ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ባሉ ነበርና የተሰናበቱት አብዛኞቹ ሚስቶች ነበሩ፤ ሕጉም እስከ 1937 ጸንቷል። በ1936 የጋሉፕ ድርጅት ሕዝቡን በጠየቀ ጊዜ ከመቶው 82 የሚሆነው፣ ባሏ ሥራ ያለው ሴት መሥራት የለባትም ሲል መልሷል። በኑዛዜው መጽሔት ላይ የምትጸጸተው ሴት የዚህን ድምፅ ቅጣት ትቀበል ነበር እንጂ የፈጸመችው በደል አልነበረም። ቤተ ሰብዋን በደመወዝዋ ያኖረች ሴት ይቅርታ መጠየቅዋ፣ ከመጽሔቱ ታሪክ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ክፍል ነው።

ነገር ግን ፍርሃቱ በትእዛዝ ሊገለበጥ እንደሚችል ያሳየው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ወንዶቹ ዘመቱ፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ፈለገ፤ በሰኔ 1942 የተቋቋመው የአሜሪካ የጦርነት ማስታወቂያ ቢሮም የመጽሔት ክፍል ከፍቶ፣ በየትኛው ወር ለየትኛው ሥራ ሴቶች እንደሚፈለጉ የሚገልጽ መመሪያ ለአዘጋጆች ያከፋፍል ጀመር። መመሪያው የደረሰው ለታላላቆቹ መጽሔቶች ብቻ አልነበረም፤ የሚፈለጉት የፋብሪካ እጆች አንባቢዎቹ የነበሩት የኑዛዜ መጽሔቶች ነበሩና ለእነርሱም ደረሰ። እነሆ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ደመወዝ በመቀበልዋ የተጸጸተችው ሴት፣ አሁን የምትጸጸተው በፍቅርና በጌጥ ተይዛ ከፋብሪካው በመቅረትዋ ሆነ። ስንፍናዋ ወንድምዋን ወይም እጮኛዋን በጦር ሜዳ ለአደጋ ያጋልጣል፤ ኅሊናዋ ይወቅሳታል፤ ንስሐዋም መፍቻና መዶሻ ማንሣት ይሆናል። ሥርየት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወደ ጥይት ፋብሪካ ደጃፍ ተዛወረ ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖም የጦርነቱ ጊዜ ሌላ ፍርሃት አልጠፋበትም። ከወታደሮች ጋር በየጣቢያው የሚታዩ ልጃገረዶች፣ ለወታደር ሚስት የሚከፈለውን አበል ፈልገው የሚያገቡ ሴቶች፣ እናታቸው ለሥራ ስትወጣ የቤት ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚውሉ ሕፃናት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ መጽሔት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ እትም ውስጥ፣ ከጀግናይቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። መንግሥት «ውጪ» ይላል፤ የቈየው ሥጋት ደግሞ «ብትወጪ ልጅሽ ይጠፋል» ይላል። ወንዶቹ ከጦር ሜዳ በተመለሱ ጊዜ ከሁለቱ ድምፆች የትኛው እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ነቢይ አላስፈለገም። ከ1945 በኋላ የቁልፉ ልጅ ታሪክ በዛ፤ የመፍቻዋ ጀግና ከገጹ ጠፋች።

የሃምሳዎቹ ዓመታት ፍርሃት የብቸኝነት ፍርሃት ነው ብል እውነቱን አልስትም። ባል አዲስ ከተሠራው የከተማ ዳርቻ መንደር ተነሥቶ ወደ ሩቅ ሥራው ሲሄድ፣ ሚስት ከዘመድና ከጎረቤት ተለይታ ከሕፃናትዋ ጋር ትውላለች፤ የምትፈራውም ባልዋ አንድ ቀን እንዳይመለስ ነው። የ«ትሩ ስቶሪ» አሳታሚ ኩባንያ ራሱ ገንዘብ ከፍሎ ያስጠናው፣ ሊ ሬይንወተርና ጓደኞቹ በ1959 «የሠራተኛው ሰው ሚስት» በሚል ርእስ ያሳተሙት ጥናት፣ ይህችን አንባቢ ከነጭንቀትዋ ይገልጻታል፤ ከቤትዋ ውጭ ያለው ዓለም ለእርስዋ የማይታመን፣ ሊቈጣጠሩት የማይቻል ነገር ሆኖ ይታያት ነበር። ጥናቱ ለምን እንደ ተደረገ ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ ለሳሙናና ለማቀዝቀዣ ነጋዴዎች የዚህችን ሴት ቦርሳ ለማሳየት ነበር። ኩባንያው ይህን ንግድ ገና በሃያዎቹ መጨረሻና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ጀምሮታል፤ የደመወዝተኛው ቤተ ሰብ አዲስ ገዢ መሆኑን እየገለጸ በታላላቅ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ ያወጣ ነበርና። ጭንቀትዋ በአንደኛው ገጽ ይነገራታል፤ ማርከሻው በሚቀጥለው ገጽ ይሸጥላታል።

በዚያው ዘመን፣ በ1958፣ ጆርጅ ገርብነር የተባለ የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪ ስለ ኑዛዜ መጽሔት ማኅበራዊ ተግባር ጥናት አሳተመ። የእርሱን ድካም በእኔ አነጋገር ባስረዳ፣ የመጽሔቱ ሴት የምትጎዳው ከእርስዋ አቅም በላይ በሆነ ነገር፣ ማለት በድህነት፣ በሥራ ማጣት፣ በጨካኝ ዘመድ ሲሆን፣ መፍትሔው ግን ሁልጊዜ በእርስዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ትታገሥ፣ ትገዛ፣ ይቅር ትበል ነው። ይህ ትክክል ነው፤ እኔም የመጽሔቱን ትልቁን ሐሰት የማየው በተፈጠሩት ስሞች ሳይሆን በዚህ ላይ ነው። ባልዋ የሚደበድባት ሴት ታሪክ በብዙ እትም ይገኛል፤ ታሪኩን የሚከፍተው ዱላ ሆኖ ሳለ የሚዘጋው ግን የእርስዋ ኑዛዜ ነው። የሚናዘዘው ማን መሆን ነበረበት?

የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጉዳይ ለብቻው መጠቀስ አለበት፤ በእነ ማክፋደን ገጽ ላይ ከጓዳ አገልጋይነት በቀር ስፍራ አልነበራቸውምና። «ኤበኒ»ን በ1945 የመሠረተው ጆን ጆንሰን በኅዳር 1950 በቺካጎ «ታን ኮንፌሽንስ»ን አወጣላቸው። አጽመ ታሪኩ ያው በደል፣ መከራና ጸጸት ነው፤ ነገር ግን ከአጽሙ ላይ ያለው ሥጋ ሌላ ነበር። ከደቡብ የእርሻ አገር ወደ ሰሜን ከተማ የተሰደደች ልጅ፣ ቆዳዋ ስለ ቀላ ነጭ ነኝ ብላ ዘመዶችዋን የካደች ሴት፣ የቆዳ መልክ በአንድ ማኅበር ውስጥ እንኳ የሚያወጣው ደረጃ፣ ከነጭ ጋር የሚደረግ ፍቅር፣ እነዚህ ነበሩ ርእሶቹ። በብዙ ግዛቶች እንዲህ ያለ ጋብቻ ወንጀል ሆኖ የቈየው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 እስከ ሻረው ድረስ ነውና፣ በነጮቹ መጽሔት ኃጢአት ብቻ የሆነው ፍቅር በዚህኛው ገጽ ወህኒ የሚያስገባ ነበር። መጽሔቱ በ1952 ስሙን አሳጥሮ «ታን» ተባለ፤ የቤት አያያዝና የኑሮ ምክርም ጨመረ። የአንድን አገር ሥጋት እንደ አንድ ሥጋት አድርገን እንዳንጽፍ የሚያስጠነቅቀን ይህ ነው።

እንግዲህ ሁሉን ነገር አሳታሚው፣ መንግሥትና ነጋዴው ከላይ ጭነውት ነበር ብዬ ልደምድም? አልደመድምም። ሚሊዮኖች ሴቶች ዐርባ ዓመት ሙሉ ከደመወዛቸው ቀንሰው የገዙት ተግሣጽ ፍለጋ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ታሪኩ ዐሥር ገጽ ቢሆን ጸጸቱ የያዘው የመጨረሻውን ግማሽ ገጽ ነው፤ በቀሩት ገጾች ላይ አንዲት ሴት ትመኛለች፣ ትመርጣለች፣ ትሳሳታለች፣ ስለ ራስዋም በራስዋ አንደበት ትናገራለች። ይህ በዚያ ዘመን በብዙ የተከበሩ መጻሕፍት ውስጥ የማይገኝ ነገር ነበር። ገዢዋ ዘጠኝ ገጽ ተኩል ለራስዋ ወስዳ፣ ግማሽ ገጹን ለሰባክያኑ ጉባኤ የተወችላቸው ይመስለኛል። ከወለደች በኋላ ልጅዋን ለማደጎ እንድትሰጥ የተገደደች ልጅ፣ በሠፈርዋ ማንም የማያወራውን ነገር በሌላይቱ ሴት አፍ ሲነገር ስትሰማ ያገኘችውን መጽናናት፣ በተግሣጹ ግብዝነት ምክንያት ልንክደው አይገባም።

መጽሔቶቹን ያደከመው ሥነ ምግባር አልነበረም፤ ኃጢአቱ ራሱ ማለቁ ነው። በ1960 የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ተፈቀደ፤ በ1962 ሄለን ገርሊ ብራውን ያላገባች ሴት ያለ ጸጸት እንድትኖር የሚመክረውን መጽሐፍዋን አሳተመች፤ በ1965 ደግሞ «ኮዝሞፖሊታን» በእጅዋ ገብቶ፣ ወጣትዋ ሠራተኛ ሴት ትናንት ትናዘዘው የነበረውን ነገር ዛሬ እንደ ሙያ የምትማርበት መጽሔት ሆነ። ካሊፎርንያ በ1969 ጥፋተኛ የማይፈለግበትን የፍቺ ሕግ ስታወጣ፣ ፍርድ ቤቱ እንኳ «ማን በደለ?» ብሎ መጠየቁን ተወ። በደል የሌለበት ኑዛዜ ምን ይሸጣል? የቀረውን ቴሌቪዥን ወሰደው፤ ፊል ዶናሁ በ1970፣ ኦፕራ ዊንፍሬ በ1986 በመላው አገር መታየት ሲጀምሩ፣ ስም አልባው ኑዛዜ ስምና ፊት አገኘ፤ ተግሣጹንም የሚሰጠው በአዳራሹ የተቀመጠው ተመልካች ሆነ። ማክፋደን ይህን ሳያይ በ1955 ሞቷል፤ ከኩባንያውም አስቀድሞ በ1941 ወጥቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ መናገር የተቻለው መጽሔቶቹ እንደ ትልቅ ድርሰት ሳይቈጠሩ እንኳ በአንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠርዘው በመቀመጣቸው ነው። በእኛም አገር በ1985 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የፕሬስ አዋጅ በሩን በከፈተ ጊዜ፣ በአዟሪዎች እጅ የዞሩ የፍቅርና የትዳር መጽሔቶች፣ «ምን ትመክሩኛላችሁ?» የሚሉ የአንባብያን ደብዳቤዎች፣ ስም አልባ የሕይወት ታሪኮች በብዛት ታትመው ነበር። ሽማግሎች ነቀፏቸው፤ ወጣቶች በደብተር መካከል ደብቀው አነበቧቸው፤ ብዙዎቹም የቈሎ መጠቅለያ ሆነው አለቁ። ያ ትውልድ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ስደትና ስለ በሽታ ምን ይፈራ እንደ ነበር፣ ፍርሃቱንም ማን ይነግድበት እንደ ነበር ነገ የሚጠይቅ ተመራማሪ ይመጣል። ስለዚህ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ያላችሁ ኃላፊዎች ከእነዚህ መጽሔቶች የቀረውን ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች እየገዛችሁ እንድትሰበስቡ፣ አንባቢ ሆይ፣ አንተም በአልጋህ ሥር ወይም በቆጥህ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ካለህ፣ ሽፋኑ ቢያሳፍርህም እንኳ፣ ወደ እሳት ከመጣልህ በፊት ለእነርሱ እንድታስረክብ እለምናለሁ።